ጎልማሶችን ውዝዋዜ ስለ ማስተማር

ከማንበባችሁ በፊት

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ሁለት ጥያቄዎች ላይ እርስ በርሳችሁ ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ በሠርግ ወይም በበዓል ቀን የሚታየውን ውዝዋዜ ከማን ተማራችሁ?
2. አንድን ሥራ አሳምሮ መሥራትና ያንኑ ሥራ ለሌላ ሰው አሳምሮ ማስረዳት አንድ ናቸውን?

ምንባብ

ከወልድያ ተነሥቶ በደሴ መንገድ ወደ ደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ስሪንቃን አልፎ መርሳ ይደርሳል። መርሳ በሰሜን ወሎ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ከጥንት ጀምሮ የጁ እየተባለ የሚጠራው ክፍል ሲሆን፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር ተጎራብቶ፣ በደስታም በሐዘንም ተጠራርቶ የሚኖርበት ነው። የሠርግ ወራት በደረሰ ጊዜ በዚህ አገር መንደሮች የከበሮ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ከበሮው ወደሚመታበት ቤት ብትጠጉ፣ አንዱ አውጥቶ ሲያዜም፣ ሌሎቹ በጭብጨባ ሲቀበሉት፣ በመካከልም ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ትከሻቸውንና አንገታቸውን ሲያወዛውዙ ትመለከታላችሁ።

እነዚህን ሰዎች «ይህን ውዝዋዜ ማን አስተማራችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ጥያቄው እንግዳ ይሆንባቸዋል። «ማን ያስተምረናል? እያየን አደግን እንጂ» ይሏችኋል። መልሳቸው እውነት ነው። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የከበሮውን ምት ይሰማል፤ መቆም ሲጀምር ዘመዶቹ እያጨበጨቡ ያስወዛውዙታል፤ ሲሳሳት ይሥቁለታል እንጂ አይሥቁበትም። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥር ዓመት ሳይሞላው ውዝዋዜው ከሰውነቱ ጋር ይዋሐዳል። ትምህርት ቤቱ መንደሩ ነው፤ መምህሩም ሁሉም ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ዐይነቱ ትምህርት ቤት በሩ ለሁሉም ሰው ክፍት ሆኖ አይኖርም። ወላጆቻቸው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው በዚያ የተወለዱ ልጆች አሉ። ከሰው ፊት ወጥቶ መወዛወዝ ነውር ነው እየተባሉ ያደጉም አሉ። ከዚህም በላይ መከራ በሩን የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በ2013 ዓ. ም. መጨረሻና በ2014 ዓ. ም. መጀመሪያ ላይ ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ጨምሮ አብዛኛውን የሰሜን ወሎ ክፍል በሸፈነ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ቀዬውን ለቆ ተሰድዶ ነበር። የተሰደደ ሰው ከበሮ ተሸክሞ አይሄድም፤ ሐዘን ባለበት መንደርም ሠርግ ቢደገስ በዝምታ ያልፋል። በዚያ ወቅት የልጅነታቸውን መጨረሻ ያሳለፉት ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል። እያዩ የሚማሩበት ጊዜ ካለፈባቸው፣ እንግዲህ የሚማሩት አንድ የሚያውቅ ሰው ፊታቸው ቆሞ ሲያስተምራቸው ብቻ ነው።

ታዲያ ጎልማሳ ሰው ውዝዋዜ መማር ይችላልን? አገራችን «ካረጁ አይበጁ» የሚል ተረት አላት። ነገር ግን ተረቱ በሁሉም ነገር ላይ እንደማይሠራ የታሪካችን ምስክር አለ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ. ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመላው ኢትዮጵያ ሲጀመር፣ የልጅ ልጅ ያዩ አዛውንት ሳይቀሩ ከሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል። እርፍ የጨበጠ እጅ እርሳስ ለመያዝ መጀመሪያ ተቸግሯል፤ ቀስ በቀስ ግን ለምዷል። ዕድሜ ትምህርቱን አዘገየው እንጂ አልከለከለውም።

የሰውነት እንቅስቃሴን ለጎልማሳ በሥርዓት ማስተማርም ቢሆን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ትምህርት ቤት፣ ዜማ የተማረው ደቀ መዝሙር በመጀመሪያ ቁሙን ይማራል፤ ይኸውም ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል የሚባለው ዜማ ነው። ቀጥሎ ዝማሜን፣ ማለትም ዜማውን በመቋሚያ እንቅስቃሴ ማስኬድን ይለማመዳል። ከዚያ በኋላ ከበሮና ጸናጽል የሚጨመሩበትን መረግድ፣ በመጨረሻም ጭብጨባ ያለበትን ፈጣኑን ጽፋት ያጠናል። በልደት በዓል በላሊበላ ቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ በገደሉ ጫፍ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው አንድ ላይ ሲያሸበሽቡ የሚታየው ስምምነት የዚህ የረጅም ዘመን ትምህርት ውጤት ነው። ይህ ሥርዓት አምልኮ እንጂ ጭፈራ አይደለም፤ ስለዚህ ከሠርግ ቤት ውዝዋዜ ጋር አንድ አድርጋችሁ እንዳትመለከቱት። እዚህ ላይ የጠቀስነው ስለ ማስተማር ዘዴው ነው። መምህሩ አራቱን ነገር በአንድ ቀን አያሸክምም፤ አንዱ ሲጸና ሌላውን ይጨምራል።

የዓለማዊው ውዝዋዜ መምህራን በአብዛኛው የሚወጡት ከመድረክ ነው። በኢትዮጵያ የመድረክ ውዝዋዜ የተስፋፋው በ1927 ዓ. ም. ከተቋቋመው ከሀገር ፍቅር ማኅበር ጀምሮ ነው። በ1948 ዓ. ም. የተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት ሥራውን አስፋፋው። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ደግሞ በየቀበሌው፣ በየአውራጃውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። በደሴ የነበረው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነ ሲሆን፣ በአምባሰልና በባቲ ዜማዎች የታወቀችው ማሪቱ ለገሠ ከዚያ ቡድን የወጣች ናት። እነዚህ ቡድኖች የመንደሩን ጨዋታ ወደ መድረክ ሲያወጡት መልኩ በመጠኑ ተለወጠ። በሠርግ ቤት ክብ ሠርተው የሚቆሙት ሰዎች በመድረክ ላይ በረድፍ ቆሙ፤ እንደ ልብ ይደረግ የነበረው እንቅስቃሴ በቁጥር ተለካ፤ መግቢያውና መውጫውም ተወሰነ። በዚህ ዐይነት ለብዙ ዓመታት የተወዛወዘ ሰው ከመንደሩ ሰው የበለጠ አንድ ነገር አለው። እንቅስቃሴን መቁጠር፣ መከፋፈልና መድገም ያውቃል።

ነገር ግን የሚያውቅ ሁሉ አስተማሪ አይደለም። እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ ወደ መካከል እያዞረች ስታፈስ እጇ እንዴት እንደሚታዘዝላት ብትጠየቅ «እንዲሁ ነው፤ እየው» ትላለች። ዕውቀቷ በእጇ እንጂ በአንደበቷ የለም። ነባር ተወዛዋዥም እንደዚሁ ነው። ትከሻው፣ አንገቱ፣ ጉልበቱና እስትንፋሱ ለብዙ ዘመን አብረው ስለ ሠሩ፣ ለእርሱ አንድ ነገር ሆነው ይሰሙታል። ለተማሪው ግን አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «እኔን ተመልከትና አድርግ» የሚል አስተማሪ አራቱን በአንድ ጊዜ ያሸክመዋል፤ ተማሪውም አንዱን ሲይዝ ሌላው ይወድቅበታል። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪ አስቀድሞ የራሱን ውዝዋዜ መፈታታት አለበት። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ሳያስብ የሚያደርገውን ነገር ቆም ብሎ እንዲያስብበት፣ ፈጣኑን እንዲያዘገየው፣ ስም የሌለውንም ነገር ስም እንዲያወጣለት ይጠይቃል።

አሁን ትምህርቱ እንዴት እንደሚካሄድ በምሳሌ እንመልከት። በወጣትነቱ በኪነት ቡድን ውስጥ የተወዛወዘ አንድ ሰው በመርሳ ከተማ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ጎልማሶችን ለማስተማር ተነሣ ብለን እናስብ። ከተማሪዎቹ መካከል አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ነርስ፣ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመርሳ ግቢ የሚያስተምር መምህር፣ ልጇን በቅርቡ የምትድር እናትና አንድ ነጋዴ አሉ እንበል።

አስተማሪው ከሁሉ በፊት የሚያስተምራቸው መቆምን ነው። ሁለቱ እግሮች ጥቂት ተራርቀው፣ ጉልበት ሳይገተር በመጠኑ ለስልሶ፣ ወገብ ቀጥ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። ጉልበቱን የገተረ ሰው ምቱን በእግሩ ሊቀበለው አይችልም። በዕድሜ የገፉና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎችም በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሊጀምሩ ይችላሉ፤ የእስክስታ ዋና ሥራ በትከሻ ላይ ስለሆነ መቀመጥ ከትምህርቱ አያስቀርም።

ሁለተኛው ትምህርት ምት ነው። ከትከሻ በፊት እጅ ይሠራል። በአማራ አገር ዘፈኖች ዘንድ የተለመደው ችክችካ የሚባለው ምት ስድስት ቆጠራ አለው። ስድስቱን ቆጠራ ሁለት ጊዜ ሦስት አድርጎ መስማት ይቻላል፤ ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎ መስማትም ይቻላል። አገሩ ያሳደገው ሰው ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ስለሚሰማ አንዱን በእጁ፣ ሌላውን በትከሻው ይይዛል። ጀማሪው ግን በመካከላቸው ይጠፋል። ስለዚህ አስተማሪው ከበሮውን አዝግሞ ይመታል፤ ተማሪዎቹም መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን በጭብጨባ ብቻ ይለማመዳሉ። በዚህ ትምህርት ላይ አንድ ሳምንት ቢጠፋ የባከነ ጊዜ አይባልም። ጭብጨባ ራሱ የጨዋታው ክፍል ነው፤ ማጨብጨብ የቻለ ሰው ገና ባይወዛወዝም ከክቡ ውስጥ ቦታ አለው።

ሦስተኛው ትምህርት ትከሻ ነው። ጀማሪ ሰው ትከሻውን አንቀሳቅስ ሲባል ክንዱንም፣ እጁንም፣ ፊቱንም ጭምር ያጠነክራል። ክንድ ሲጠነክር ደግሞ ትከሻ ይታሠራል። አስተማሪው «እጃችሁን የሞተ አድርጉት» ይላቸዋል። ከዚያም ሁለቱን ትከሻ አንድ ላይ ማንሣትና መጣል፣ ቀጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መውሰድ፣ ከዚያ በኋላ ቀኝና ግራውን ማፈራረቅ ያስተምራቸዋል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በዝግታ ከጸና በኋላ ብቻ ይፈጥናል። እስትንፋስም እዚህ ላይ ይጨመራል። ጎበዝ ተወዛዋዥ በጥርሶቹ መካከል አየሩን አጠር አጠር አድርጎ «እስ፣ እስ» እያለ ሲያስወጣ ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ ድምፅ ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ እስትንፋሱን ከምቱ ጋር ስለሚያያይዝ ሰውየው ቶሎ እንዳይደክም ይረዳዋል።

በአራተኛ ደረጃ ትከሻው ከእግር፣ ከአንገትና ከደረት ጋር ይያያዛል። በመጨረሻም ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። የወሎ ውዝዋዜ ብቻን የሚደረግ ነገር አይደለም፤ አንዱ ሲያሳይ ሌላው ይመልስለታል። ስለዚህ ትምህርቱ የሚፈጸመው ተማሪው የአስተማሪውን እንቅስቃሴ በደገመ ጊዜ ሳይሆን፣ ፊቱ ለቆመው ሰው መልስ በሰጠ ጊዜ ነው።

በዚህ አካሄድ ውስጥ አንድ ትንሽ የሚመስል እንቅፋት አለ። አስተማሪው ተማሪዎቹን ፊት ለፊት እየተመለከተ ቢያስተምር የእርሱ ቀኝ ለእነርሱ ግራ ይሆንባቸዋል። ጀርባውን ሰጥቶ ቢያስተምር ደግሞ ስሕተታቸውን አያይም። ስለዚህ ልምድ ያለው አስተማሪ እንቅስቃሴውን መጀመሪያ ጀርባውን ሰጥቶ ያሳያል፤ ከዚያም ፊቱን አዙሮ በመካከላቸው እየተመላለሰ ያርማል። የልምምድ ጊዜውንም ይከፋፍላል። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ከመልፋት፣ ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት መለማመድ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሰውነት የተማረውን የሚያጸናው በልምምዱ መካከል በሚያገኘው ዕረፍት ጭምር ነውና። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ተስማሚ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሰውነት ችግር አይደለም፤ ሐፍረት ነው። ሕፃን ቢሳሳት ማንም አይታዘበውም። ጎልማሳ ግን በሥራው የተከበረ፣ በቤቱ የሚታዘዙት ሰው ነው፤ እንደ ጀማሪ መታየቱ ክብሩን የሚነካው ይመስለዋል። በምሳሌያችን ያነሣነው መምህር ከተማሪዎቹ አንዱ በመስኮት ቢያየው ምን እንደሚሰማው አስቡ። ልጇን የምትድረውም እናት በልጇ ሠርግ ላይ ተነሥታ መወዛወዝ ያልቻለች እንደሆነ ሰው ምን ይለኛል ብላ ትጨነቃለች፤ መማሯንም ሰው እንዳያውቅባት ትፈልጋለች። ይህን የሚያውቅ አስተማሪ አንዱን ተማሪ ከሌሎቹ ፊት ለብቻው አያቆመውም። በረድፍ ሳይሆን በክብ ያቆማቸዋል፤ በክብ ውስጥ የኋላና የፊት ስለሌለ የሚታዘብ ተመልካች አይኖርም። ስሕተት ባየ ጊዜም ሰውየውን ሳይሆን እንቅስቃሴውን ያርማል። «አንተ አልቻልህም» ከማለት «ክንዱ ጠንክሯል» ማለት ይሻላል። ትልቁን ሰውም በሚገባው የአክብሮት አነጋገር «እርስዎ» እያለ ያርማል እንጂ እንደ ልጅ አያዘውም። ከሁሉም በላይ አስተማሪው ራሱ ምን ምን እንዳስቸገረው ቢነግራቸው ብዙዎች ይጽናናሉ።

አስተማሪው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በመድረክ የተማረው «የወሎ ውዝዋዜ» የወሎ ውዝዋዜ ሁሉ አይደለም። በሰሜን ወሎ እንኳ የራያ ቆቦው አጨፋፈር ከላስታው ይለያል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የሚከበረው የልጃገረዶች ጨዋታ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል ይባላል፤ ስሙ እንደሚለያይ አጨዋወቱም ይለያያል። ከውርጌሳ ወይም ከጊራና የመጣ አንድ ተማሪ አያቱ ሲያደርጉት ያየው የአንገት አነቃነቅ ይኖረው ይሆናል። አስተማሪው ይህን «ስሕተት» ብሎ ቢያጠፋው፣ ለማዳን የተነሣውን ነገር በገዛ እጁ አጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ «በእናንተ አገር እንዴት ይደረጋል?» ብሎ መጠየቅ የትምህርቱ አንድ ክፍል መሆን አለበት። ጎልማሳ ተማሪ ባዶ ማሰሮ አይደለም፤ ይዞት የሚመጣው ነገር አለ።

በሌሎች አካባቢዎች የተሠሩ ሥራዎችም ይህንኑ ያስረዳሉ። እ. ኤ. አ. በ1996 እንግሊዛዊው የውዝዋዜ መምህር ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ ለጎዳና ልጆች ማስተማር ጀመረ፤ ከዚህም ሥራ አዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተወለደ። ከቡድኑ የወጡት ወጣቶች ኋላ ራሳቸው አሠልጣኞች ሆነው፣ አካል ጉዳተኞችን ጨምሮ ሌሎችን አስተምረዋል። በካሳንቺስ ይገኝ በነበረው በፈንድቃ የአዝማሪ ቤት ደግሞ መላኩ በላይ የተባለው ዝነኛ ተወዛዋዥ ለብዙ ዓመታት ተጫውቷል፤ ኋላም ቤቱን ራሱ ይዞ የባህል ማዕከል አድርጎታል። መላኩ ውዝዋዜን የተማረው በትምህርት ቤት ሳይሆን በበዓላትና በየአደባባዩ ሰዎችን በመመልከት ነው፤ ይሁን እንጂ ወደ ውጭ አገር በሄደ ጊዜ እስክስታን ከቶ አይተው ለማያውቁ ጎልማሶች አስተምሯል። ካሳንቺስ የነበረው ቤት በ2017 ዓ. ም. በከተማው መልሶ ልማት ምክንያት ፈርሷል። ቤት ሊፈርስ ይችላል፤ በሌሎች ሰዎች ትከሻ ላይ ያደረ ዕውቀት ግን ከቤቱ ጋር አይፈርስም።

ከአገር ውጭ የሚታየው ምሳሌም ትምህርት ሰጪ ነው። በእስራኤል አገር ሩት ኤሽል የተባለች ተወዛዋዥ እ. ኤ. አ. በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከሚማሩ ኢትዮጵያውያን ጋር «እስክስታ» የተባለ ቡድን አቋቋመች። በ2005 ደግሞ «ቤታ» የተባለውን ቡድን መሠረተች። በተማሪነቷ ዘመን ከዚያ ቡድን የገባችው ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ደጌ ፌደር ኋላ የቤታ ኪነ ጥበባዊ መሪ ሆናለች። ከትውልድ አገር የራቁ ልጆች የወላጆቻቸውን ውዝዋዜ መንደሩ ሳይኖር በአዳራሽ ውስጥ ተማሩት፤ የተማረችውም በተራዋ አስተማሪ ሆነች።

አንዳንድ ሰው «ዛሬ በእጅ ስልክ ሁሉን ማየት እየተቻለ አስተማሪ ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። የውዝዋዜ ምስል መቅረጹ ጠቃሚ ነው። ጂዮርጅ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ የተባሉት የሃንጋሪ አጥኚዎች እ. ኤ. አ. በ1965 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየአካባቢው ያዩትን ውዝዋዜ በፊልም ቀርጸዋል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ለታሪክ ይጠቅማል። ነገር ግን ምስል ያሳያል እንጂ አያርምም። ክንዳችሁ ጠንክሮ እንደሆነ አይነግራችሁም፤ ስታፍሩ አያይም፤ ፊታችሁ ቆሞም መልስ አይሰጣችሁም።

እንግዲህ የዚህ ምንባብ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ውዝዋዜ በመንደር ሲኖር ያለ አስተማሪ ይተላለፋል፤ መንደሩ ሲበተን ወይም ዝም ሲል ግን የሚያውቁት ሰዎች ሆን ብለው ካላስተማሩት ይቋረጣል። የሚያውቀው ሰው ዕውቀቱን ፈታትቶ በየደረጃው ማቅረብ፣ የማያውቀውም ሰው ጀማሪ ሆኖ ለመታየት መፍቀድ ይጠበቅባቸዋል። በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ በሀብሩ ገጠርም ሆነ በሌላ ሥፍራ፣ ከበሮ የሚመቱና የሚወዛወዙ አዛውንት በመንደራችሁ ካሉ፣ ዛሬ ሄዳችሁ «እባክዎ ያሳዩን» ብትሏቸው ሁለቱም ሥራ ይጀመራል።

እናንተም አስረጂ ድርሰት ስትጽፉ የምትሠሩት ሥራ ከውዝዋዜ አስተማሪው ሥራ ጋር አንድ መሆኑን ልብ በሉ። ለእናንተ ግልጽ የሆነው ነገር ለአንባቢው ግልጽ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ትከፋፍሉታላችሁ፤ የሚቀድመውን ታስቀድማላችሁ፤ አንዱ ሳይጸና ሌላውን አትጨምሩም፤ አንባቢው የት ላይ ሊሰናከል እንደሚችል አስቀድማችሁ ታስባላችሁ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።

1. በምንባቡ ውስጥ «ትምህርት ቤቱ መንደሩ ነው» የተባለው ለምንድን ነው? ይህ ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሩ።
2. ነባር ተወዛዋዥ ሁሉ ጥሩ አስተማሪ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?
3. ተማሪዎችን በረድፍ ከማቆም በክብ ማቆም የሚሻለው ስለ ምንድን ነው?
4. «ጎልማሳ ተማሪ ባዶ ማሰሮ አይደለም» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች ፍች ከምንባቡ አገባባቸው ተነሥታችሁ ከሰጣችሁ በኋላ በየራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

ቀዬ፤ ተዋሐደ፤ ገነነ፤ ጸና፤ አፈራረቀ፤ አውጥቶ ማዜም

ሐ. አሳምራችሁ የምታውቁትን አንድ የእጅ ሥራ ወይም የሰውነት እንቅስቃሴ ምረጡ። ለምሳሌ ቡና ማፍላት፣ ገመድ መግመድ፣ ከበሮ መምታት ወይም ነጠላ መልበስ ሊሆን ይችላል። ሥራውን ከቶ አይቶ ለማያውቅ ጎልማሳ ሰው የሚያስረዳ ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። ከጻፋችሁ በኋላ ለጓደኛችሁ ስጡትና የጻፋችሁትን ብቻ እየተከተለ ሥራውን ይሞክር። የተሰናከለበትን ቦታ አስተውላችሁ አንቀጹን እንደገና ጻፉ።